ደላላ የሚሻገረው፣ ሕግ የሚቆምበት ድንበር

በ1886 አንድ የጣሊያን የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ወደ የመን የምታመራ ጀልባ አስቆመ። ጀልባዋ የጫነችው ለሽያጭ የሚወሰዱ ሰዎችን ነበር። ከመካከላቸው አንዷ በነፃነት ተወልዳ ኋላ ሊሙ እናርያ ውስጥ ለባርነት የተዳረገች የኦሮሞ ልጅ ነበረች፤ ምጽዋ አጠገብ ወዳለው የእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወሰደች። አስቴር ጋኖ ናት። ፊደል ቆጠረች፤ የሕዝቧን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን 500 ያህል ሰብስባ ጻፈች፤ እንደ እሷው ከባርነት ከወጣው ከኦንሲሞስ ነሲብ ጋር በኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ላይ ሠራች። (ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያቺ ጀልባ የሄደችበት መንገድ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ከኦቦክና ከቦሳሶ ዳርቻ ሌሊት የሚነሱ ጀልባዎች አሁንም ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ከወሎ፣ ከራያ፣ ከአርሲ፣ ከጅማና ከሐረርጌ የተነሱ ወጣቶች አሁንም ተሳፋሪዎቻቸው ናቸው። በእነዚህ 140 ዓመታት ውስጥ መንግሥታት በሰው መነገድን ለመከላከል ብዙ ተፈራርመዋል። የስምምነቶቹን ታሪክ ተራ በተራ ሲያዩት ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣል። አገሮች ፖሊስን ከፖሊስ፣ ወደብን ከወደብ፣ ሚኒስትርን ከሚኒስትር አገናኝተዋል፤ የተሸጠችዋን ሴት ከመብቷ ጋር ማገናኘቱን ግን ሁልጊዜ ለነገ አቆይተውታል።

በአስቴር ዘመን ትብብር ማለት የጦር መርከብ ነበር። በ1890 ብራስልስ ላይ የተፈረመው ስምምነት የባሪያ ንግድን በየብስም በባሕርም እንዲያሳድዱ ኃያላኑን አስተሳሰረ። ነፃ የወጣ ሰው ነፃ ወጥቷልና ያን ማቃለል አይገባም። ይሁን እንጂ አስቴርን ያስጣለው ባንዲራ ምጽዋ ላይ የተተከለው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1885 ነበር። ያው መንግሥት በ1935 አገራችንን ሊወር ሲሰናዳ «ኢትዮጵያ ባርነትን አላጠፋችም» የሚል ክስ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቀረበ። ደካማን እታደጋለሁ የሚል ቃልና ጉልበተኛ የሚፈልገው መሬት አብረው ሲጓዙ ይህ የመጀመሪያም የመጨረሻም አልነበረም።

በዚያው ጊዜ አውሮፓ በራሷ ከተሞች ውስጥ ሌላ ጉድ እያወጣች ነበር። እንግሊዛዊቷ ጆሴፊን በትለር በሴተኛ አዳሪነት የተጠረጠረችን ሴት ሁሉ አስገድዶ ያስመረምር የነበረውን ሕግ ታግላ በ1886 አሻረች። በትለር የተነሳችው መንግሥት ወንዱን ትቶ ሴቲቱን የሚቀጣበትን አሠራር ለመናድ ነው። ከእሷ በኋላ እንቅስቃሴውን የተረከቡት ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰዱት። በ1899 ለንደን ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ፣ ቀጥሎም በ1904 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ጉዳዩን «የነጭ ባሪያ ንግድ» አሉት። ስሙ ራሱ ጥቁሯን፣ እስያዊቷንና ዓረቧን ከደጅ ያስቀራል። ስምምነቱ አገሮች መረጃ የሚለዋወጡበት መሥሪያ ቤት እንዲያቋቁሙ፣ በባቡር ጣቢያና በወደብ ብቻቸውን የሚጓዙ ሴቶችን የሚከታተል ሰው እንዲያቆሙ አዘዘ። ደላላውን ለማግኘት ሴቲቱን መጠበቅ ማለት ነው፤ በተግባርም የተጠበቀችው፣ የተጠየቀችው፣ ከመንገድ የተመለሰችው እሷ ሆነች። በ1910 የመጣው ስምምነት አድራጎቱን ወንጀል አደረገ፤ በ1921 ጄኔቫ ላይ «ነጭ» የሚለው ቃል ወጣ፤ የዕድሜ ገደቡ ወደ 21 ከፍ አለ።

የዚያ ዘመን ትልቁ ድል የመጣው ግን ከጄኔቫ አዳራሽ አይደለም። በቦነስ አይረስ ዝዊ ሚግዳል የሚባል የወንበዴ ማኅበር ከፖላንድና ከአካባቢው ድሃ የአይሁድ ቤተሰቦችን ሴት ልጆች በጋብቻ ስም እያታለለ ያመጣና በሴተኛ አዳሪ ቤቶቹ ያሠራ ነበር። በሕግ የተመዘገበ የመረዳጃ ዕድር መስሎ ነበር የሚታየው። ፖሊሱም ዳኛውም ከእጁ የበሉ ነበሩ። ራኬል ሊበርማን የምትባል ከፖላንድ የመጣች የሁለት ልጆች እናት ከዚህ ቤት ወደቀች፤ ሳንቲም በሳንቲም ቆጥባ ወጣችና የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ከፈተች። ማኅበሩ የተላከ መሆኑን ያላወቀችውን ባል ልኮ ገንዘቧን ዘረፋት፣ መልሶም ሊያስገባት ሞከረ። በ1929 መጨረሻ ቀን ላይ ሁሉን ለሕግ ተናገረች። ያልተገዛ አንድ የፖሊስ ኃላፊና ያልተገዛ አንድ ዳኛ ነበሩና ክሱ ከመቶ በላይ ሰዎችን ያዘ። በ1931 መጀመሪያ ይግባኝ ሰሚው አብዛኞቹን ለቀቃቸው፤ ማኅበሩ ግን ስሙ ተገልጦ፣ ዕድሩ ፈርሶ፣ እንደ ድሮው መቆም አልቻለም። ራኬል በ1935 ሞተች። ያን ሁሉ ያንቀሳቀሰው ያንዲት ሴት ቃልና ቃሏን የሚቀበል የክስ መዝገብ መኖሩ ነው።

ወደ እኛ የሚመጣው ክር እዚሁ ጄኔቫ ላይ ይገናኛል። የመንግሥታቱ ማኅበር ገና ሲቋቋም በቃል ኪዳኑ 23ኛ አንቀጽ የሴቶችና የሕፃናት ንግድን የሚቆጣጠር ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። በ1927 የታተመው ጥናቱ መርማሪዎችን ደላላ አስመስሎ በየአገሩ በመላክ የተጠናቀረ ነው። ባርነትን የሚመረምር ደግሞ ሌላ ጊዜያዊ ኮሚሽን በ1924 ተቋቁሞ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ማኅበሩን ስትቀላቀል ባርነትን ለማጥፋት የገባችው ግዴታ የተመዘነው በሁለተኛው ክፍል ነው፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የወጣው የባሪያ አዋጅም ለዚሁ መልስ ነበር። ከታጁራ ተጭና ጂዳ የምትሸጥ፣ ቀን በአሳዳሪዋ ማጀት ሌሊት በአሳዳሪዋ አልጋ የምታገለግል ሴት ታዲያ የየትኛው ክፍል ጉዳይ ናት? የሴቶች ንግድ ክፍል የሚያየው በዋናነት በአውሮፓና በላቲን አሜሪካ መካከል የሚነገደውን ሴተኛ አዳሪነት ነው። የባርነቱ ክፍል የሚያየው ባሪያን እንጂ ሴትነቷን አይደለም። እሷ በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል ባለው ኮሪደር ቀረች። ይህ የፋይል አከፋፈል ዛሬም አልጠፋም ባይ ነኝ፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

በነሐሴ 1934 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚሽረውን አዋጅ አወጡ። ሳዑዲ ዓረቢያ የሻረችው በ1962 ነው። ከዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ የባሕረ ሰላጤው ቤቶች ሠራተኛ ፈለጉ፤ ሠራተኛ የሚመጣበት መንገድ ደግሞ ከፋላ ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ልጆቻችን ኢቃማ የሚሉት፣ ከአንድ «ከፊል»፣ ማለትም ዋስ ከሆነ አሠሪ፣ ስም ጋር ይታሰራል። ማዳም ደመወዝ ከከለከለች፣ ባባ እጁን ካነሳ፣ ቤቱን ጥላ የወጣች ቀን «ጠፍታለች» ተብላ ትመዘገባለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወንጀለኛዋ እሷ ናት። ፓስፖርቷ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። የሊባኖስ የ1946 የሠራተኛ ሕግ በ7ኛ አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓል፤ የሳዑዲው የ2005 ሕግም፣ አጋጣሚ ሆኖ በዚያው በ7ኛ አንቀጽ፣ ያንኑ ብሏል። ሰንሰለት አያስፈልግም፤ አንድ አንቀጽ ይበቃል።

በዚህ መካከል ዓለም አቀፉ ሕግ አላረፈም። በ1979 የጸደቀው በሴቶች ላይ የሚፈጸም አድልዎን የሚያስወግደው ስምምነት በ6ኛ አንቀጹ ንግዱን እንዲያጠፉ መንግሥታትን ያስገድዳል፤ ኢትዮጵያ በ1981 ተቀብላዋለች። በ2000 የመጣው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መነገድ ምን እንደሆነ በዝርዝር በየነ። ሰውን መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል፤ በኃይል፣ በማታለል ወይም ችግሯን መጠቀሚያ በማድረግ፤ ለብዝበዛ። ሦስቱ ከተገናኙ «ራሷ ፈቅዳ ነው የሄደችው» የሚለው የደላላ መከላከያ አይሠራም። ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ማታለሉን እንኳ ማስረዳት አያስፈልግም። ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ፕሮቶኮሉ የተወለደው የተደራጀ ወንጀልን ለመከላከል ከተዘጋጀው ስምምነት ጋር ተያይዞ ነው፤ ወንጀለኛውን የመቅጣት ግዴታ ሲነበብ «ይፈጸማል» ይላል፤ ለተጎጂዋ መጠለያ፣ ሕክምናና ካሣ ሲደርስ «ተገቢ ሆኖ ሲገኝ» ወደሚል ቋንቋ ይለሰልሳል።

ክፍተቱን የሚሞላው ሰነድ ከሌላ በር መጣ። በሰኔ 2011 ጄኔቫ ላይ የዓለም ሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞችን ስምምነት፣ ቁጥር 189ን፣ በ396 ድጋፍ፣ በ16 ተቃውሞና በ63 ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቀ። ከየአገሩ የመጡ የቤት ሠራተኞች አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ስለ ራሳቸው ራሳቸው ተናግረዋል። የዕረፍት ቀን፣ የተጻፈ ውል፣ ፓስፖርትን በራስ እጅ የመያዝ መብት በግልጽ ሰፈሩ። የባሕረ ሰላጤው መንግሥታት መጀመሪያ ቢያንገራግሩም በመጨረሻው ቀን ድጋፋቸውን ሰጥተዋል። በአገራቸው ያጸደቀው ግን አንድም የለም።

ስምምነት ወረቀት ላይ ከቀረ፣ ላኪ አገር ምን ማድረግ ይችላል? ለዚህ ፊሊፒንስን ማየት ይገባል። በመጋቢት 1995 ሲንጋፖር ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለችውን ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በስቅላት ስትቀጣ ማኒላ ጎዳና ላይ ወጣች። በሦስት ወር ውስጥ ወደ ውጭ የሚሄዱ ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። በ2006 መንግሥት ዝቅተኛውን ደመወዝ በወር 400 ዶላር አድርጎ ወሰነ፤ በ2018 ኩዌት ውስጥ የአንዲት ሠራተኛ አስከሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገኝ ጉዞ አቁሞ ቆየና፣ ሠራተኛዋ ስልኳን በእጇ እንድትይዝ፣ ፓስፖርቷ ከአሠሪው እጅ እንዲወጣ የሚያስገድድ ስምምነት አስፈረመ። የፊሊፒናውያን ሥቃይ በዚህ አልቋል ማለቴ አይደለም። ግን ኤምባሲው ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ አለ፤ በሩን ስታንኳኳ የሚከፍትላት አለ። ይህን ያስገኘው ሠራተኞቹ ራሳቸው በማኅበር ተደራጅተው መንግሥታቸውን በምርጫም በሰልፍም ስለያዙት ነው።

እዚህ ላይ በቂ ያልተነገረ አንድ ነገር አለ። በ2011 ክረምት ሳዑዲ ዓረቢያ አንዲት ኢንዶኔዥያዊት ሠራተኛን በሰይፍ ከቀጣች በኋላ ጃካርታ ጉዞ አገደች፤ ፊሊፒንስም በደመወዙ አልበገር አለች፤ ሳዑዲ ለሁለቱም አገሮች የቤት ሠራተኞች ቪዛ መስጠት አቆመች። የቀረውን ቦታ ማን ሞላው? እኛ። ኤጀንሲዎች በየዞኑ ተሰማሩ፤ በኮንትራት የሚሄዱት ሴቶች ቁጥር በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ዕጥፍ ሆነ። የ16 ዓመት ልጅ በቀበሌ መታወቂያ ላይ 24 ዓመት ሞልቷት ፓስፖርት አወጣች። የሁለት አገሮች ሴቶች ታግለው ያስከበሩትን ዋጋ ደላላው በሦስተኛ አገር ሴቶች አፈረሰው፤ እኛም ሳናውቅ ለማፍረሻ ዋልን።

ከዚያ በጥቅምት 2013 መንግሥት ጉዞውን አገደ። በኅዳሩ ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ቦሌ ላይ አረፈ። የዚያን ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያውን ያየ ሰው የሚረሳው አይመስለኝም፤ በባዶ እግራቸው የወረዱ ነበሩ፤ ስም ሲጠየቁ የማይመልሱም ነበሩ። ዕገዳው የወጣው በቅን ልብ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ያስቆመው በቦሌ የሚወጣውን ብቻ ነው። በቦሌ መውጣት ያልቻለች በገላፊና በቶጎ ውጫሌ ወጣች። ኮንትራት የነበራት ኮንትራት አጣች፤ በአየር የምትሄደው በበረሃና በባሕር ሄደች። በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 (ዓ.ም.) ተቀባይ አገር ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ካልፈረመ ሠራተኛ እንዳይላክ፣ ተጓዧም ስምንተኛ ክፍል እንድታጠናቅቅ ደነገገ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችዋን የገጠር ልጅ፣ ከሁሉ ይልቅ ድህነት የሚገፋትን፣ ለደላላው ያስረከበው ይህ አንቀጽ ነው። የጣቢያ ጠባቂዎቹ የ1904 አስተሳሰብ ከመቶ ዓመት በኋላም እዚህ አለ፤ ሴቲቱን መከልከል እሷን መጠበቅ ይመስለናል።

ወንጀለኛን በማሳደድ ረገድ ትብብሩ ፍሬ አፍርቷል። በሊቢያ በኒ ወሊድ ስደተኞችን አግቶ በማሠቃየትና ቤተሰቦቻቸውን ገንዘብ በማስከፈል የተከሰሰው ኤርትራዊ ኪዳኔ ዘካሪያስ በ2020 አዲስ አበባ ላይ የተያዘው በእጁ የተሠቃየ አንድ ወጣት መንገድ ላይ አይቶ ስለለየው ነው። በቀጣዩ ዓመት ችሎት ላይ እንዳለ አመለጠ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በጥር 2023 ሱዳን ውስጥ ሲያዝ ክትትሉ የኔዘርላንድስን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችንና የኢንተርፖልን እጅ ያገናኘ ነበር። ባልደረባው ተወልደ ጎይቶምን ደግሞ ኢትዮጵያ ፈርዳበት በ2022 ለኔዘርላንድስ አሳልፋ ሰጠችው። በበኒ ወሊድ ካምፕ ውስጥ የተደፈሩ ሴቶች በዳዮቻቸውን ፊት ለፊት የሚያይ ፍርድ ቤት ማግኘታቸው ትንሽ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል የየመንና የሳዑዲ ድንበር ምን እንደሆነ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ጽፏል፤ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን፣ ሴቶችና ሕፃናትን ጨምሮ፣ በመቶዎች ገድለዋል ይላል። ሳዑዲ አስተባብላለች።

አሁን ወደ ቤይሩት። በ2012 አንዲት የሁለት ልጆች እናት ከኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትከተት የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በሆስፒታል ሳለች ሕይወቷ አለፈ። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች በዶላር መክፈል ሲያቅታቸው፣ እዚያው ቆንስላ በር ላይ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው፣ አንዳንዶቹንም ያለ ፓስፖርትና ያለ ደመወዝ፣ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄዱ። ሴቶቹ አስፋልቱ ላይ አደሩ። ያን ጊዜ ቀድመው የደረሱት በ2017 የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» አባላት ናቸው። ምግብ አቀረቡ፣ የቤት ኪራይ ከፈሉ፣ ለትኬት ገንዘብ ሰበሰቡ። በጥር 2015 እዚያው የተቋቋመውን የቤት ሠራተኞች ማኅበር የሊባኖስ መንግሥት ዕውቅና ነፍጎታል፤ በመስከረም 2020 የወጣውን የተሻለ መደበኛ ውልም በአስመጪ ኤጀንሲዎች ማኅበር ክስ የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ በጥቅምት አገደው።

በዚያው ጥቅምት ግን ሌላ መዝገብ ተከፈተ። አንዲት ኢትዮጵያዊት፣ ከስምንት ዓመት በላይ ሠርታ የተከፈላት የ13 ወር ብቻ መሆኑን ገልጻ፣ በአሠሪዋና ባስመጣት ኤጀንሲ ላይ የወንጀል ክስ አቀረበች። ክሱ የደመወዝ ጭቅጭቅ አልነበረም፤ ባርነትና የባሪያ ንግድ የሚል ነበር። በከፋላ ሥር ላለች ሠራተኛ ሊባኖስ ውስጥ እንዲህ ያለ ክስ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው። የ1920ዎቹ ጄኔቫ በሁለት ፋይል የከፈላትን ሴት ይህ ክስ ወደ አንድ መዝገብ መለሳት። ቤት ውስጥ ናት፣ ሠራተኛ ናት፣ ሴት ናት፣ የተፈጸመባትም ባርነት ነው።

ቀሪው ጭንቀቴ የዋጋ ነው። ዕገዳው በ2018 ከተነሳ በኋላ ኢትዮጵያ ከሳዑዲ፣ ከኤምሬቶች፣ ከኳታር፣ ከዮርዳኖስ ጋር በተፈራረመቻቸው ስምምነቶች ሥር መንገዱ እንደገና ተከፍቷል፤ በ2023 እስከ 500 ሺህ ሴቶችን ወደ ሳዑዲ ለመላክ ምዝገባ መጀመሩ ተዘግቧል። በሳዑዲው ስምምነት የኢትዮጵያዊቷ የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ተብሎ ነበር። በ2006 ለፊሊፒናዊቷ የተወሰነው 400 ዶላር ግን 1,500 ሪያል ነበር። በአንድ ሕንፃ ላይ፣ አንዷ በአራተኛ ሌላዋ በአምስተኛ ፎቅ፣ ያንኑ ወለል ያጥባሉ፣ ያንኑ ልጅ ያስተኛሉ። ልዩነቱን የፈጠረው ችሎታቸው አይደለም፤ መንግሥቶቻቸው ለየብቻ መደራደራቸው ነው። ናይሮቢ፣ ካምፓላና አዲስ አበባ ከጥር 2020 ጀምሮ በሚኒስትሮች ደረጃ ስለ ፍልሰት የሚገናኙበት መድረክ አላቸው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የድንበር ኬላና የጣት አሻራ ብቻ ሳይሆን አንድ የጋራ የደመወዝ ወለል፣ አንድ የጋራ ውል፣ ፓስፖርት ለያዘ አሠሪ አንድ የጋራ ጥቁር መዝገብ ይቅረብ። ሦስቱ አገሮች ከዚያ በታች አንልክም ብለው አንድ ላይ ከቆሙ፣ ቀጥለውም ማኒላንና ዳካን ካስከተሉ፣ ደላላው በ2011 እንዳደረገው ወደሚቀጥለው ድሃ አገር የሚሮጥበት መንገድ ይጠበዋል። ሲደራደሩም ከቤይሩትና ከሪያድ የተመለሱ ሴቶች በወንበር ይቀመጡ፤ ውሉ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሚፈርስ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።